በፎጣ ሥር የተማርኩት ንግድ

ባለፈው ፋሲካ ጎረቤታችን ያረዱትን በግ ቆዳ የሚወስድላቸው ሰው ቢያጡ፣ እንደ ድሮው ልማዳቸው ጨው ነስንሰው አጥሩ ላይ አሰጡት። በማግሥቱ ፀሐይ ሲያገኘው ሽታው ግቢያችንን ሞላውና ባለቤቴ አፍንጫውን ይዞ መስኮት ሊዘጋ ሲሯሯጥ፣ እኔ የያዝኩትን ሳህን አስቀምጬ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ጨው የነካው ጥሬ ቆዳ ለሰው ሁሉ የሚከረፋ ነገር ነው፣ እውነቱን ለመናገር ለእኔም ይከረፋኛል። ግን የአባቴ ልብስ፣ የአባቴ ጢም፣ ማታ ሲያቅፈኝ ክንዱ ጭምር የሚሸተው ይህንኑ ስለነበር አፍንጫዬን ልይዝበት አልቻልኩም።

አባቴ በወጣትነቱ ከሸዋ ተነስቶ መጥቶ ጅጅጋ የከተመ ቆዳ ነጋዴ ነበር። የበግና የፍየል ቆዳ ከየገጠሩ ሰብስበው ከሚያመጡ ሰዎች ይገዛና፣ ጨው እያስነሰነሰ ያስደረድርና፣ ሲጠራቀም በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይልክ ነበር። መጋዘኑ ከቤታችን ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ስለነበር እናቴ ከሽታው ጋር ስትሟገት ኖረች። እሷ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ ጥፍሯ ሥር የካርቦን ቀለም አይጠፋም፣ ቀሚሷ ግን ሁልጊዜ የተተኮሰ ነበር። «ደሞዝ ትንሽ ናት፣ ግን በወሯ ትመጣለች» ትል ነበር አባቴ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እሱም «አዎ፣ አንገቷን ደፍታ ትመጣለች» ይላት ነበር። ከእኔ ሌላ ልጅ ስላልነበራቸው ይህ ሙግት ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እኔ ላይ ነበር። እናቴ እንደሷ ጠረጴዛ ፊት እንድቀመጥ ትመኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ደጃፍ ላይ ወርውሬ የምገባው መጋዘን ነበር።

በጋው ሲከር፣ ሶማሌዎቹ ጅላል በሚሉት ወራት፣ ሣሩ አልቆ በጉና ፍየሉ በየሜዳው ሲወድቅ ቆዳው በብዛት ይመጣ ነበር፣ ግን ስስና ጎስቋላ ነበር። አባቴ እያንዳንዱን ወደ በሩ ብርሃን እየዘረጋ ቢላ የነካውን፣ እከክ የበላውን፣ ጨው ሳያገኝ የሰነበተውን ይለይና በሦስት ቦታ ይከምረው ነበር። እኔንም ከአጠገቡ ቁጢጥ አድርጎ የጣልኩትን እያነሳ፣ የተሳሳትኩበትን እያሳየ አስተማረኝ። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ብቻ እከኩን አገኘው ጀመር። አባቴ ወዛደሮቹን ጠርቶ ዓይኔን በመሐረብ ያስርና ቆዳ ያቀርብልኝ፣ ስለይለትም ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ጎበዝ ሆኜ አላውቅም።

ዝናቡ መጥቶ ከብቱ ሲጠግብ፣ ጉ በሚባለው ወቅት፣ ደህና ደህናው ቆዳ ከደጋሐቡር በኩል በመኪና ይገባ ነበር። ያኔ ግዢው የሚካሄደው በሌላ ወግ ነው። መኪናው ደጃችን ሲቆም የከተማው ቆዳ ገዢዎች ሁሉ መጥተው ይከቡታል፣ ሻጩና ገዢው ግን ዋጋ በአፋቸው አይናገሩም። አንዱ ከትከሻው ፎጣውን ያወርድና በሁለቱ ቀኝ እጅ ላይ ጣል ያደርገዋል፣ ከሥሩም ጣት ለጣት ይነጋገራሉ። አንድ ጣት መጨበጥ አንድ ነው፣ አምስቱንም መጨበጥ አምስት፣ መዳፍን በጥፍር ጫር ማድረግ ደግሞ ግማሽ። ፊታቸው ላይ ምንም አይታይም፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆቻቸው ጤና እያወሩ ከሥር እጃቸው ይከራከራል። ከበው የቆሙት ሰዎች ዋጋውን ሳያውቁት ይቀራሉ፣ ሻጩም በዚህ ቤት ባይስማማ ሳያፍር ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። የወጉ ጥቅሙ ይኸው ነበር።

ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት አባቴን ደም ግፊት ጣለውና ቀኝ ጎኑ ሰለለ። ከወራት በኋላ በከዘራ እየተደገፈ ቢነሳም ቀኝ እጁ እንደተንጠለጠለ ቀረ። መጀመሪያ በመጣው መኪና ላይ ግራ እጁን ቢዘረጋ ሻጩ አንገቱን ደፋ፤ በግራ እጅ ሰውን መጨበጥ ንቀት እንደሆነ አባቴም ያውቀው ነበር፣ ቸግሮት እንጂ። ያን ጊዜ ነው ደላላው አዴር ጉሌድ፣ የአባቴ የብዙ ዘመን ወዳጅ፣ ወደ እኔ ዞሮ ያየኝ። አዴር ማለት በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፣ እኔም ከማንም አጎቴ አስበልጬ እወደው ነበር። «የአባት እጅ ሞተ፣ የልጅ እጅ አለ» አለና ብብቴን ይዞ የጨው ጆንያ ላይ አቆመኝ፣ እጄንም ፎጣው ሥር አስገባው።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት የአባቴ እጅ እኔ ነበርኩ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ዝናብ ያወራል፣ እኔ ከሥር እጫረታለሁ። ከከዘራው አያያዝ የልቡን አውቅ ነበር፣ በኋላ በኋላ ግን ከዘራውን ማየት ትቼ በራሴ ጨረስኩ። ሽማግሌዎቹ ሻጮች በትንሿ እጄ ይስቁ፣ በጣቴ ሲሸነፉ ደግሞ አላህን እየጠሩ ጭንቅላቴን ይዳስሱኝ ነበር። እናቴ ይህን ስታይ ከንፈሯን ትመጥ ነበር እንጂ አትከለክለኝም፣ ምክንያቱም ቤቱ የሚበላው ከዚያው ነበር። አንድ ቀን ብቻ ፀጉሬን እየጎነጎነች «ንግዱ ዛሬ ያቀፈሽ ልጅ ስለሆንሽ ነው። ስታድጊ ያወርድሻል» አለችኝ። ቀናተኛ መሰለችኝና ተቆጣሁባት፣ ትልቅ ነጋዴ ሆኜ አሳይሻለሁ ብዬም ዛትኩ። እሷ ጉንጉኑን ጨርሳ ወደ ጓዳ ገባች።

ያደግሁት በአንድ ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅ ነበርኩ፣ ሲከፈት ቀሚሴ ሁሉ አጥሮና ጠቦ እናቴ አዲስ አሰፋችልኝ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ ሐጂ፣ ለዓመታት በፎጣ ሥር ሲያስቸግሩኝና ሳስቸግራቸው የኖሩ ሽማግሌ፣ መኪና ሙሉ ቆዳ ይዘው ደጃችን ቆሙ። ሦስት ሌሎች ገዢዎችም ከበው ነበር። ጆንያ ላይ መቆም ስለማያስፈልገኝ መሬት ቆሜ እጄን ዘረጋሁ። ሐጂው ፎጣቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ አዩኝ፣ መልሰውም ትከሻቸው ላይ ጣሉት። ከዚያም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለአዴር ጉሌድ ቀስ ብለው ተናገሩ፣ እሱም ለአባቴ በአማርኛ «ልጅቷ ደርሳለች ይላሉ። የሰው ሴት ልጅ እጅ መያዝ ለእሳቸው ነውር ነው። ሌላ ወንድ አምጣ» አለው።

ክፋት አልነበረባቸውም፣ ይህን ዛሬም እመሰክራለሁ። ያዋረዱኝ ሳይሆን ያከበሩኝ መስሏቸው ነበር። አባቴ ግን ከዘራውን ጨብጦ መሬት መሬት ያይ ነበር፣ ያ ነው ያቃጠለኝ። እጄ እንደተዘረጋ ነበር። ወዴት እንደምወስደው ጠፋኝ። ሄጄ ከመኪናው ላይ አንዱን ቆዳ ሳብኩና በጣቴ ዳበስኩት፣ ሁለተኛውንም ዳበስኩት፣ ከዚያም በእጄ ልናገረው የነበረውን በአፌ፣ በሶማሊኛ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገርኩት። እከክ አለበት አልኩ። ዋጋውንም ጠራሁ፣ ከዚህ በላይ አንዲት ሳንቲም አያወጣም አልኩ።

ልክ ነበርኩ፣ ቆዳው እከክ ነበረበት። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሦስቱ ገዢዎች ተያዩ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በከተማው ውስጥ ለሐጂው ከዚያ በላይ የሚሰጥ ሰው እንደማይኖር እኔም፣ እሳቸውም፣ ሁሉም ያውቅ ነበር። ሐጂው አልተቆጡም። ያወረድኩትን ቆዳ ራሳቸው አንስተው ወደ መኪናው መለሱ፣ ሸራውን አስሸፈኑና ሄዱ። አዴር ጉሌድ ከኋላቸው እየሮጠ ተከተላቸው።

በማግሥቱ ጠዋት አዴር ጉሌድ መጥቶ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ፣ ግባ ቢባልም አልገባ አለ። «ወሬው ደጋሐቡር ደርሷል» አለ ለአባቴ፣ «እዚህ ቤት ዋጋ በአደባባይ ይጠራል እያሉ ነው። እኔ ምን ልበላቸው?» እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ እሰማ ነበር። አባቴ ይሰድበኛል፣ ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ያን ቀን «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ያለችው እናቴ ናት። እንዲህ ስትል አልተደሰተችም፣ ድንች እየላጠች ነበር፣ እንባዋም ድንቹ ላይ ይወርድ ነበር።

በዚያ ዓመት ደይር የሚሉት የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ ዘንቦ ሲያበቃ አንድም መኪና ደጃችን አልቆመም። አባቴ ለአረፋና ለፋሲካ ከየቤቱ የሚወጣውን እየለቃቀመ ትንሽ ገፋ፣ በተከታዩ ዓመት ጅላል ግን መጋዘኑን ለሩዝና ለፓስታ ነጋዴ አከራየው። ወዛደሮቹ ወለሉን ሦስት ቀን አጠቡት፣ እናቴም ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስዳ አብራቸው አጠበች። ከዚያ ወዲህ የኖርነው በእሷ ደሞዝና በኪራዩ ነው። አባቴ ጠዋት ጠዋት ልማድ ሆኖበት ወንበሩን አውጥቶ መጋዘኑ በር ላይ ይቀመጥ፣ የሩዙ ነጋዴ ሠራተኞችም ዞር በሉ አባባ ይሉት ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት አጠገቡ ተቀምጬ፣ ለዓመታት አንቆ የያዘኝን ጠየቅሁት። «አባዬ፣ ያን ቀን አፌን ይዤ ቢሆን ኖሮ አሁን ነጋዴ እሆን ነበር?» አልኩት። እንዲዋሸኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ። አባቴ ግን የዋጋ ነገር ላይ መዋሸት አይችልም። «አይ ልጄ» አለኝ፣ «አፍሽን ብትይዢም እጅሽን የሚይዝ አልነበረም።» ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር አውርተን አናውቅም፣ ሁለት ዓመት ቆይቶም ሞተ።

ዛሬ እኔ እዚሁ ጅጅጋ፣ ንግድ ፈቃድ በሚሰጥበት ቢሮ ቅጽ ተቀባይ ነኝ። በልጅነቴ በፎጣ ሥር ይነገር የነበረው ዋጋ አሁን በስልክ ይነገራል። ሴቶቹ ኮሪደሩ ላይ ተራ እየጠበቁ በጆሯቸውና በሻሻቸው መካከል ስልኩን ሰክተው ከሐርጌሳ፣ ከድሬዳዋ ሰው ጋር ሲከራከሩ እሰማለሁ፣ እጃቸውን የሚይዝም የሚከለክልም የለም። እንዲህ ዓይነት ዘመን ሲመጣ ግን ቆዳው ዋጋ አጥቶ ከቄራው ኋላ ይጣል ጀመር፣ ውሻ እንኳ የሚተወው ሆነ። ቀናሁ እንዳልል ደግሞ አምና ፈቃድ ያወጣችው ልጅ በዓመቱ ልትመልስ ስትመጣ ቅጹን የምሰጣት እኔ ነኝ። አንዷን ባሏ፣ አንዷን ኪራይ፣ አንዷን ኬላ ላይ የተያዘ ዕቃ ይመልሳታል፣ ስትፈርም ቀና ብላ አታየኝም።

ባለፈው ሳምንት ከዩኒቨርሲቲ በወጣች በዓመቱ ሥራ ያጣች አንዲት ልጅ ቅጽ ይዛ ፊቴ ቆመች። ሁሉንም ሞልታ «የንግዱ ዓይነት» የሚለውን ባዶ ትታዋለች። ጎንበስ ብላ «ኤዶ» አለችኝ፣ አክስቴ ማለቷ ነው፣ «እውነቱን ንገሪኝ፣ ለሴት ልጅ ያዋጣል?» ዓይኖቿ ያበሩ ነበር፤ አዎ እንድላት እንደምትፈልግ ያስታውቃል። እኔም አዎ ልላት ፈልጌ አፌን ከፈትኩ። «ቅጥር ብትፈልጊ ይሻልሻል» አልኳት። ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና አመሰግናለሁ ብላ ወጣች። እናቴ ያን ቀን ፀጉሬን እየጎነጎነች በነገረችኝ ተሳስታ ቢሆን ኖሮ ምንኛ ደስ ባለኝ።