ሙሉ ክፍል

በቀደም ለስብሰባ የተጠራሁበት አዳራሽ ውስጥ አንድ አሮጌ ኤሲ ማጓራት ሲጀምር፣ እርጥብ አቧራ የሚሸተው ነፋሱ አፍንጫዬ ገባና ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የነበረው ባልደረባዬ ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀኝ። ለእሱ አልነገርኩትም፤ ለአንተ ልንገርህ።

ሶሲዮሎጂ ላስተምር ሰመራ ስመደብ ገና ለጋ ነበርኩ። አዋሽ የሚኖረው አባቴ ዕድሜውን በባቡር ትኬት ተቆጣጣሪነት የፈጀ ሰው ነው፤ ሙያዬን ባስረዳው ባስረዳው አልዋጥ አለው። ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር ለማወቅ ደመወዝ ይከፈላል ወይ ይለኝ ነበር። ጅቡቲ ድንበር ገላፊ ላይ የጭነት ትራንዚት የሚሠራው አጎቴ የሥራ ቦታ ይዞልኝ ስለነበር፣ አባቴ በደወለ ቁጥር ወሬው ገላፊ ሆነ። እኔ ደግሞ ከመምህርነት ሌላ የተመኘሁት ነገር የለም።

ደግነቱ ክፍሌ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሞልቶ ፈሰሰ። የእኔ ተማሪ ያልሆኑት የምህንድስና ልጆች ሳይቀሩ መስኮቱ ሥር መሬት ላይ ተደርድረው ይቀመጡ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡኝ ተመስጦ መሰለኝ። ሰዓቱ አልቆ እንኳ መውጣት አይፈልጉም። ለአባቴ ደውዬ፣ ይህን ሁሉ ሰው በትኖ ገላፊ መሄድ ግፍ ነው አልኩት። ነገሩ ደስ አሰኝቶት ለጡረተኛ ጓደኞቹ ሲያወራ ከረመ።

አንድ ቀን ታዲያ፣ ሰዎች ለምን ይሰበሰባሉ የሚለውን ርዕስ እያስተማርኩ፣ የክፍሉ ኤሲ አንዴ ተንቀጥቅጦ ፀጥ አለ። ወዲያው መሀረብ ወጣ፣ ወንበር ተንቋቋ፣ ሰዉ አንድ በአንድ ሹልክ አለ። ርዕሱን ከእኔ በተሻለ አስረዱኝ ማለት ነው። በማግስቱ ስገባ አንዲት የዱብቲ ልጅ ብቻ ከኋላ ተቀምጣለች። ላቤን እየጠረግሁ፣ አንቺስ ለምን አልቀረሽም አልኳት።

«ቲቸር፣ ሙቀቱማ የተወለድኩበት ነው» አለችኝ። «ኤሲው ሲጮህ ግን ወላሂ አንድም ቃል አልሰማሁም። ካላስቸገርኩዎት ከመጀመሪያው ይጀምሩልኝ።»

ከሰዓት በኋላ ለአባቴ ደወልኩ። አንገቴን ደፍቼ፣ ከአንዲት ልጅ በቀር ሰዉ የሚመጣው ለኤሲው እንደነበረ፣ ለአጎቴም «እሺ ብሏል» እንዲልልኝ ነገርኩት። እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳልወድ አብሬው ሳቅሁ። ሳቁ ሲበርድለት፣ የቀረችው ልጅ ምን እንዳለች ጠየቀኝና ነገርኩት። 

«ባቡሩ አንዳንድ ቀን ለአንድ መንገደኛም ይነሳ ነበር» አለኝ። «ልጅቷ ትኬቷን ቆርጣለች። ጀምርላት።»

ጀመርኩላት። ቀስ በቀስ ሌሎቹም ወረቀት እያራገቡ ተመለሱ፤ እንደ ድሮው ባይሞላም የሚሰማኝ ሰው አገኘሁ። አባቴም የገላፊን ነገር ዳግመኛ አላነሳብኝም።

አምና ፕሮፌሰርነቴ የጸደቀ ዕለት ስልኬን አወጣሁና ደወልኩለት። ቁጥሩ አገልግሎት ላይ እንደማይውል የምትናገረዋ ሴት ድምፅ እስኪሰማኝ ድረስ፣ አባቴ ማረፉን ረስቼው ነበር።