የፊት ግራ ጎማ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳን ሌላ ሌላውን ተናዝዤ ይህን ዘልዬዋለሁ። ግጥም እጽፋለሁ፤ ግጥም ውስጥም አላስገባሁትም። እዚያ ከገባ ያምራል፣ ማማር ደግሞ አይገባውም።

በደሉን የፈጸምኩት በጋሽ ሰይድ ላይ ነው። ጋሽ ሰይድ ደሴ ሳሉ የጭነት መኪና መካኒክ ነበሩ። ጄኔቭ መጥተው መጀመሪያ ያገኙት ሥራ መኪና ማጠብ ነው፤ ከዚያ ጎማ መቀየር፣ ከዚያ ሞተር። የጋራዡ ባለቤት፣ ሁላችንም ፓትሮን የምንለው ሰውዬ፣ የስቶክ ካር ቡድን ነበረው። ስቶክ ካር ማለት አሮጌ የቤት መኪና ወንበሩና መስታወቱ ወጥቶ፣ ውስጡ በብረት ቱቦ ታጥሮ፣ ጭቃ ላይ እየተጋጨ የሚሽቀዳደምበት ውድድር ነው። አንድ ቀን ሌሎቹ ግማሽ ቀን የደከሙበትን ሞተር ጋሽ ሰይድ ጆሮ ሰጥተው ሰሙና "ይሄ የጠማው ቤንዚን አይደለም፣ አየር ነው" ብለው አስነሱት። ከዚያ ወዲያ አሥራ አራት ዓመት የቡድኑ መሪ እሳቸው ነበሩ። የትኛው ጎማ እንደሚገባ፣ መኪናው መቼ እንደሚወጣ፣ ሾፌሩ መቼ "በቃህ" እንደሚባል የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ሁሉም "ሼፍ" ይላቸው ነበር፤ በፈረንሳይኛ አለቃ ማለት ነው። ደሴ ያሉ ዘመዶቻቸው ምግብ ቤት የከፈቱ መስሏቸው እንደነበር ሲያወሩ ራሳቸው ይስቃሉ።

እኔ እዚያ ጋራዥ ሙያ የምትማር የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከሴት እኔ ብቻ። ለዛቫንሼ በሚባል የጄኔቭ ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ ነበር የምንኖረው። ቁልፍ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ጎማውን የሚያስረው ዳዶ መጀመሪያ በእጅ ይያዛል፤ መኪናው ከማንሻው፣ ከክሪኩ፣ ሲወርድ በረጅሙ ቁልፍ እስከ መጨረሻው ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ከዳዶው እስከ ጎማው ብረት፣ እስከ ቸርኬው፣ በነጭ ቀለም ይሰመርበታል። መስመሩ "ጠብቋል፣ እኔ አለሁበት" ማለት ነው። የተሰመረበትን ዳዶ ሌላ ሰው አይነካም። "ሰው ቃሉን ከሰጠ በኋላ መነካካት ስድብ ነው" ይሉ ነበር። ሌላም ልማድ ነበረን፣ ማንም ያላወጀው። የሶላት ሰዓት ሲደርስ የያዙትን ባለበት ትተው ከቫኑ ጀርባ ይሄዳሉ፤ እኔ ሳልታዘዝ ካቆሙበት እቀጥላለሁ። እኔም ለስቅለት ቤተ ክርስቲያን ስውል የኔን ሥራ እሳቸው ይጨርሱልኛል።

የዚያን ቀን ረመዳን ነበር። ሚያዝያ፣ ብርድ፣ ከጄኔቭ ወጣ ያለ የእርሻ ሜዳ። ጋሽ ሰይድ የፊት ግራውን ፍሬን ሠርተው፣ ጎማውን መልሰው፣ ዳዶዎቹን በእጅ ይዘው፣ መኪናውን አወረዱ። ረጅሙን ቁልፍ ሲያነሱ ስልካቸው አዛን አለ። ቁልፉን አስቀምጠው ሄዱ። እኔ አነሳሁት። ያኔ አንድ ስንኝ መጣልኝ።

አዎ፣ ስንኝ። ሦስት ሳምንት ስፈልገው የነበረ። ይጠፋብኛል ብዬ ፈራሁ። ብሩሹን አነሳሁና ዳዶዎቹን ሁሉ ቀድሜ አሰመርኩባቸው፤ ጽፌ ስጨርስ አጠብቃቸዋለሁ ብዬ። ለምን ቀድሜ አሰመርኩ? ጋሽ ሰይድ ቶሎ ቢመለሱ ሥራ ትቼ ስጽፍ እንዳያገኙኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ቁልፉን ጭቃው ላይ ጣልኩ፣ ስልኬ ላይ ጻፍኩ፣ አንድ ቃል ቀየርኩ፣ መለስኩት። ቀና ስል ዮናስ፣ ሾፌራችን፣ እዚያው ጄኔቭ የተወለደው ልጅ፣ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። "ቲጂ፣ ቪት፣ ቪት፣ ቶሎ በይ፣ እኔን ነው እየጠሩ ያሉት" ይለኛል። ጋሽ ሰይድ ከሶላት ተመልሰው መኪናውን ዞሩት። አራቱም ጎማ ላይ ነጭ መስመር አለ። ጣሪያውን መታ መታ አድርገው "ሂድ" አሉት። እኔ ረስቼዋለሁ። ቁልፉ እግሬ ሥር ወድቆ፣ እኔ ስንኙን በልቤ እያነበነብኩ፣ ረስቼዋለሁ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ጎማው ወጣ። መኪናው ተገለበጠ። የዮናስ ግራ እግር ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ዛሬም ደረጃ የሚወርደው በጎኑ ነው።

አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ ጋሽ ሰይድ ጎማውን ተሸክመው መጡ። ከንፈራቸው ደርቋል። "ቲጂዬ፣ ከሶላት በፊት አጥብቄ አስምሬው ነበር እንዴ?" አሉኝ።

ጥያቄውን ተመልከቱልኝ። "አንቺ አጥብቀሽው ነበር ወይ?" አላሉም። እኔን መጠርጠር አልመጣላቸውም። የራሳቸውን ትዝታ ከእኔ ለመኑ።

"አዎ ጋሼ" አልኳቸው።

ለቅሶዬን ሲያዩ "አብሽሪ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንቺን ማንም አይናገርሽም" አሉ። ትንሽ ቆይቶ ፓትሮኑ ለብቻዬ ጠርቶ "ሰይድ ዛሬ ምን ሆኖ ነው?" አለኝ። "ጾም ላይ ናቸው፤ ከንጋት ጀምሮ ውሃ አልቀመሱም" አልኩት። ይህች ዓረፍተ ነገር እውነት ናት። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ውሸቶች ሁሉ የከፋችው ይህች እውነት ናት። ጋሽ ሰይድ አሥራ አራት ረመዳን ጾመው ቡድኑን ሲመሩ አንድ ዳዶ አልሳቱም፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ግን ለፓትሮኑ አልነገርኩትም። በሳምንቱ ፓትሮኑ ቡድኑን ቀማቸው። ሌሎቹም "ዕድሜ ነው፣ ያ ጾምም አለ" ሲሉ ሰማሁ። ቃሉን ያዋስኳቸው እኔ ነኝ። ጋሽ ሰይድም ብዙ ሳይቆዩ ቁልፍ መያዝ በራሳቸው ፈቃድ ተዉ፤ አሁን አንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ የገበያተኛ ጋሪ ይሰበስባሉ።

እኔ ወደ ዙሪክ ሸሸሁ። ሽዋመንዲንገን የሚባል ሰፈር ክፍል ተከራየሁ፣ አጠገቡ ዋሊሰለን ያለ ጋራዥ ገባሁ። ያን ስንኝ አንድ የግጥም ዝግጅት ላይ አነበብኩት፤ አጨበጨቡልኝ። ስንኙ ጥሩ ነበር። አልሰረዝኩትም።

ባለፈው ሳምንት የዋሊሰለኑ አለቃዬ ስቶክ ካር ቡድን ሊያቋቁም ነውና መሪው እንድሆን ጠየቀኝ። ከዚያ በፊት ሙያ ላስተማሩኝ ለጋሽ ሰይድ ደውሎ ስለ እኔ ጠይቋል። እሳቸውም ደወሉልኝ።

"ሼፍ ቲጂ" አሉኝ እየሳቁ። "እስኪ ለኔም ሥራ ስጪኝ።"

"ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ እያሉ?"

"እኔማ እጄን ካመንኩት ቆየሁ። ምድጃ አጥፍቼ ከወጣሁ በኋላ ሦስቴ እመለሳለሁ፤ ፋጡማ ሚስትህ ሳልሆን ዘበኛህ ሆንኩ ትለኛለች። ለአለቃሽ ግን ነግሬዋለሁ፤ እሷ ካሰመረች አትንካው ብዬዋለሁ።"

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ልጅ ነበርኩ ልበል? ፈርቼ ነበር ልበል? የዚያን ቀን ፈርቻለሁ። ግን አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አልፈራሁም። ብዙውን ቀን ዝም ያልኩት ስለተመቸኝ ነው።

ለአለቃዬ ዛሬ ጠዋት አልሆንም ብዬዋለሁ። ይህን እንደ ቅጣት አትቁጠሩልኝ። ከእናንተም ይቅርታ አልለምንም፤ የተሰበረው የእናንተ እግር፣ የተቀማው የእናንተ ሥራ አይደለም። ቅዳሜ በባቡር ወደ ለዛቫንሼ፣ ጋሽ ሰይድ ቤት እሄዳለሁ፤ ከዚያ ዮናስ ቤት። ጋሽ ሰይድ በሩን ቢዘጉብኝ ልክ ናቸው። ከመዝጋታቸው በፊት ግን ይህን መስማት አለባቸው፦ ጋሼ፣ እርስዎ አልረሱም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እጅዎ ምንም አልሆነም።