ልጄን በደረቴ ይዤ፣ ከካዛንቺስ ወደ ቂርቆስ

ከካዛንቺስ ቂርቆስ ሩቅ አይደለም፤ ጤነኛ ሰው በእግሩ ይዘልቀዋል። እኔ ግን ነቀምቴንና ጎሬን ጨምሮ በዕድሜዬ ከሄድኩባቸው መንገዶች ሁሉ ይህን ያህል የረዘመብኝ የለም። የሄድኩት ወሯ ሳይደርስ የተወለደችውን ልጃችንን ከሆስፒታል ወደ ቤት ለማምጣት ነበር። ክብደቷ ገና አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም ነው። ወሩ ሐምሌ፣ ዘመኑም የባቡር መስመር ሊዘረጋ ከተማው የተቆፈረበት ነበር።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ካዛንቺስ

ጋቢ፣ ሁለት ብርድ ልብስና በፎጣ የተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ጠርሙስ ይዤ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ገባሁ። የክፍሉ ነርስ ሲስተር ሕይወት ሸክሜን አይታ ሳቀች።

«ጋሼ፣ ልጅ ሊወስዱ ነው ወይስ ቤት ሊቀይሩ? በሉ ኮትዎን ያውልቁ፤ ሸሚዝዎንም ይክፈቱ።»

«ለምን?»

«ልጅቷ የምትሄደው ደረትዎ ላይ ነዋ!»

ባለቤቴ የሺ በኦፕራሲዮን ወልዳ ቁስሏ ስላመረቀዘ፣ ለጊዜው ልጅ ይዛ እንዳትሄድ ተከልክላለች። እስከዚያ ቀን ሕፃኗን በደረታቸው ሲያሞቁ የቆዩት እሷና እህቷ ናቸው። እህቷ ደግሞ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ስለዚህ የቀረሁት እኔ ነኝ።

የሬዲዮ ጥገናን ብቻዬን ከመጽሐፍ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ነገር ሳይገባኝ አላልፍም። «የማሞቂያ ማሽን ስላጣችሁ ነው አይደል?» አልኳት።

«ማሽንም አለን። እርግጥ ሲጀመር ማሞቂያ ባጠረበት አገር፣ በችግር ነው የተጀመረው። በኋላ ሲያጠኑት ግን ገላ ለገላ የተያዙት ሕፃናት ሙቀታቸው ይረጋል፣ ጡት ቶሎ ይለምዳሉ፣ ኢንፌክሽንም ይቀንስላቸዋል። ዛሬ ሀብታሞቹ አገሮችም ይሠሩበታል። ብርድ ልብስ እኮ ሙቀት ይይዛል እንጂ ሙቀት አይሠራም፤ እሷ ደግሞ የራሷን ገና በቅጡ አትሠራም።»

ይህ ገባኝ። ባትሪ የሌለውን ሬዲዮ በጨርቅ ቢጠቀልሉት አይናገርም።

ሲስተር ሕይወት ከኮፍያና ከዳይፐር በቀር ራቁቷን የሆነችውን ልጅ ደረቴ ላይ አስተኛቻት። እግሮቿን እንደ እንቁራሪት አጠፈቻቸው፤ ፊቷን ወደ ጎን አዞረችና በነጠላ ጠበቅ አድርጋ ከእኔ ጋር አሰረቻት። «አፍንጫዋ ክፍት ይሁን። እንዳትቀዘቅዝ እግሯን እየዳሰሱ ይሂዱ። የሚነካት ሁሉ እጁን ይታጠብ» ብላ ሸሚዜንና ኮቴን ደረበችልን። ክንዷ ከአውራ ጣቴ አይወፍርም። ልቧ ቆዳዬ ላይ ይሮጣል።

ከዚህች በፊት ሁለት ልጆች አሉኝ። «አባት ልጁን የሚወደው ከሩቅ ነው» እያልኩ የሰፈሩን ጎረምሳ አባቶች ስገሥጽ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ለገሃር

የሆስፒታሉ ወረቀት እስኪያልቅ ቆይተን፣ እኔና የሺ መቶ ሃያ ብር የጠየቀንን ባለ ላዳ በመቶ ብር ኮንትራት ይዘን ወጣን። ዝናቡ ስታዲየም ሳንደርስ ጀመረ። «ፋዘር፣ ይቅርታ፤ የኋላዋ መስኮት እስከ ላይ አትዘጋም» አለ ሾፌሩ። ለገሃር ላይ መንገዱ ተቆፍሮ መኪናው ሁሉ ቆሟል።

በዚህ መካከል የዕድራችን ዳኛ ጃንጥላ ይዘው በእግረኛ መንገድ ወደ እኛ ሲመጡ አየሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ልጁን አዝሎ ዕድር ቢመጣ፣ በእሳቸው ፊት «ቀሚስም ልበስ!» ብዬ ያዋረድኩት እኔ ነኝ። አሁን የተከፈተ ደረቴን ሊያዩት ነው። ነጠላውን ፈታሁ፤ ልጅቷን አውርጄ በጋቢና በብርድ ልብስ ጠቀለልኳት፤ ሸሚዜን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አሏት የሺን በመስኮት። ጥቂት አውርተውን ሄዱ። እኔም፣ ከተጠቀለለች አይቀር ብዬ እንደዚያው ተውኳት።

ትንሽ ቆይታ የሺ እጇን ጥቅልሉ ውስጥ ሰደደች።

«እግሯ! እግሯ በረዶ ሆኗል!»

«ሦስት ድርብ ነው ያለበስኳት።»

«አንተ ሰውዬ፣ ለማን ብለህ ነው ያወረድካት? እሳቸው እንደሆነ ሄደዋል!»

ሸሚዜን ስከፍት ሁለት ቁልፍ ተበጠሰ። ገላዋ ደረቴ ላይ ሲያርፍ ቅዝቃዜው አንዘፈዘፈኝ። አላለቀሰችም። ዝም ያለ ሕፃን ከሚያለቅሰው ይልቅ እንደሚያስፈራ ያን ጊዜ አወቅሁ። ሾፌሩ ጃኬቱን አውልቆ የመስኮቱን ክፍተት ወተፈበትና «በቃ፣ ፋዘር፣ እቀፋት፤ መንገዱን ለኔ ተወው» አለ። ወደ ኋላ ተመልሶ በጓሮ መንገድ ይዞን ገባ።

የሺ ጣቷን ከልጅቷ እግር ላይ አላነሳችም።

«እንዴት ነች?»

«ገና ነው።»

ሁለት መታጠፊያ አለፍን።

«አሁንስ?»

«ገና።»

ጸሎቱ ጠፋብኝ። ትንፋሿን ብቻ ስቆጥር ቆየሁ። በኋላ አገጬ ሥር ተንቀሳቀሰችና ቀጭን ለቅሶ አሰማች። የሺም እያለቀሰች «ሞቀች» አለች።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ቂርቆስ

ቤት ስንገባ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ቤዛ ደረቴን አይታ በሩ ላይ ቆመች። ከእኔ ጋር ብዙ ማውራት ያለመደች ልጅ ናት።

«አባዬ፣ እኔንም እንዲህ ይዘኸኝ ነበር?»

በዚህ ቤት ውሸት የከለከልኩ እኔ ነኝ። «አልያዝኩሽም» አልኳት።

«ለምን?»

«ሰው እንዳያየኝ አፍሬ።»

ወንበር ላይ ስቀመጥ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔም በዚያ ወንበር ላይ ይህን ተማርኩ፦ ያን ጥናት ያጠኑት ሰዎች ለልጄ መድኃኒቱን ደረቴ ውስጥ አገኙላት፤ እኔ ደግሞ ለአንድ ሰው ዓይን ብዬ ቆለፍኩባት። ሌላውን የምገሥጽበት አፍ ነበረኝ፤ ያ ያዋረድኩት ወጣት ግን ከእኔ በፊት ልጁን አዝሎ ነበር። ይህን የምታነብ አባት፣ ሐኪም እቀፍ ካለህ እቀፍ። ካላለህም እቀፍ።

ውጭ የጎረቤቶች ድምፅ ተሰማ። ቤዛ ብድግ አለች።

«አባዬ፣ ሰው መጣ! ጋቢ ላምጣና ልሸፍንህ?»

«ተይው» አልኳት። «በሩን ክፈቺ፤ እጃቸውንም አስታጥቢያቸው።»