ሆላንድና ህንድ በብርነሽ ሱቅ በር

ብርነሽ ሽሮ ሜዳ ላይ ነጠላና ጋቢ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት ሱቅ የሚባል ነገር አልነበራትም፤ ሦስት አራት ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከታክሲ የወረደውን ሁሉ «ነይ እስኪ የኔ ቆንጆ፣ ለማየት አይከፈልም!» ስትል ነበር የምትውለው። አሁን የራሷ ሱቅ አላት። ጠባብ ናት፤ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛዋ ደጅ ትጠብቃለች።

ታዲያ ብርነሽን ከሌሎቹ የሚለያት አንድ ጠባይ አላት። አምፖል ሥር ጨርቅ አታስመርጥም። ደንበኛዋ «በቃ ይሄን ጠቅልይልኝ» ብትላት እንኳ እጇን ይዛ በሩ ድረስ ታወጣታለች። «አምፖል ይዋሻል የኔ እመቤት! ፀሐይ ላይ እይውና ያኔ ውሰጂው» ትላለች። በዚህ የተነሳ ስንት ገበያ አመለጣት! እሷ እቴ፣ ምን ግድ አላት።

ይህችው ብርነሽ ናት እንግዲህ በልጇ ነገር ራሷ አምፖል ሥር ቆማ የተገኘችው።

ልጇ ሃዊ በማኔጅመንት ከተመረቀች በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ እናቷን ሱቅ አገዘች። ዘንድሮ ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር ስታመለክት ሁለት የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጧት፤ አንዱ ሆላንድ፣ አንዱ ህንድ። ብርነሽ ጆሮዋ የገባው ሆላንድ ብቻ ነው። በነጋታው ረድፉን ሱቅ በሱቅ ዞራ «ልጄ አውሮፓ ልትገባ ነው!» እያለች እልል አስባለችው። ፊት ለፊቷ የምትሸጠው ጽጌረዳ «የህንዱስ?» ብትላት ሳቀችባት። «ህንድ ሰው ለሕክምና ነው እንጂ ለትምህርት ይሄዳል እንዴ?»

ሃዊ ይህን ሁሉ እየሰማች ነጠላ ታጣጥፍ ነበር።

ሆላንዶቹ መልስ የሚፈልጉት እስከ ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ገበያው ቀዝቅዞ ብርነሽ ጋቢ ስታጣጥፍ፣ ልጅቷ ጥግ ላይ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ እንባዋን ስትጠርግ አየቻት።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ለሆላንድ እሺ ልላቸው ነው። ቅጹን ሞልቼ ጨርሻለሁ፤ አንድ ቁልፍ መጫን ነው የቀረኝ።»

«ታዲያ እልል ይባላል እንጂ ይለቀሳል?»

«እማ፣ ልቤ ያለው ህንድ ነው። ሸማኔያችን ጋሽ ሾዴ የሸመኑት ጋቢ በስማቸው ባሕር ማዶ እንዲሸጥ ማድረግ ነው የምፈልገው፤ የህንዶቹ ወረቀት ደግሞ ስለ ሽመና ሥራ ያወራል። ግን አንቺ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግረሻል። እንዴት ላዋርድሽ?»

ብርነሽ የያዘችው ጋቢ ከእጇ ወደቀ። ልጇ ዕድሜዋን ልትሰጥ የነበረው ለእናቷ አፍ ነው! ሆኖም ብርነሽ ብርነሽ ናትና ቶሎ እጅ አልሰጠችም።

«ህንድን አየሽው?»

«በወረቀት።»

«ሆላንድንስ?»

«እሱንም በወረቀት።»

«እኔ ደግሞ ወረቀቱንም አላየሁ። ወይ ጉድ! ተነሽ። እዚያ የሚማር የኛ ሰው አይጠፋም፤ በር ላይ ነይና በቪዲዮ ደውዪ።»

በእርግጥ ኔትወርኩም የሚይዘው በር ላይ ብቻ ነው። መጀመሪያ ያገኙት እዚያው የሆላንዱ ትምህርት ቤት የሚማረውን የአዲሱ ገበያውን ልጅ ኦልያድን ነበር። ብርነሽ ስልኩን ከሃዊ እጅ ነጥቃ ምሳ መብላቱን ጠየቀችው፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«ከተማርከው ውስጥ ለእኔ ሱቅ የሚሆን አንድ ነገር ንገረኝ።»

ኦልያድ ጭንቅላቱን አከከ። «እውነቱን ልንገርዎት እትዬ? ትምህርት ቤቱ አንደኛ ነው። ግን የምንማረው ስለ ባንክና ስለ አክሲዮን ነው። እኔ ባንክ መሥራት ስለምፈልግ ተስማምቶኛል። ሃዊ ግን የምትለው ጨርቅ... እ... ማለቴ፣ እዚህ ስለ ሸማኔ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።»

«ተባረክ ልጄ፣ አልዋሸኸኝም» አለችው።

ቀጥሎ የህንዱ ትምህርት ቤት የምትማረው ሄርሜላ ተደወለላት። ከኋላዋ የገበያ ጫጫታ ይሰማል።

«ክፍል አትገቡም እንዴ እናንተ?»

«ክፍላችን ይሄ ነው እናቴ። ለሁለት ወር ከጨርቅ ነጋዴ ጋር ተቀምጣችሁ ተማሩ ብለው ልከውን ነው። እዚህ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ላይ የሸማኔው ስም ይጻፍበታል። ሙቀቱ ግን አይጣል ነው፤ ምግቡም መጀመሪያ ላይ አስለቅሶኛል።»

«አሳይኝ እስኪ ጨርቁን!»

ሄርሜላ አንድ ሰማያዊ ጨርቅ ዘርግታ ካሜራው ላይ አቀረበችው። ብርነሽ ዓይኗን አጥብባ አየችና ጮኸች። «አምፖል ሥር አታሳይኝ! ወደ ፀሐይ አውጪው!»

ሄርሜላ በሳቅ ፈረሰች። «እርስዎም? እዚህ ያሉት ሽማግሌ ነጋዴ ቀኑን ሙሉ የሚሉን ይህንኑ ነው!»

ብርነሽ ያን የማታውቀውን ሽማግሌ ወደደችው። ዞር ስትል የሃዊ ፊት እንደዚህ ሲበራ ካየች ሳምንታት እንዳለፉ ገባት፤ እንዴት ሳላይ ቀረሁ ብላ በራሷ ተናደደች። እውነት ለመናገር አውሮፓ የምትለው ቃል ከአፏ ልትወጣባት ስለሆነ ቅር ሳይላት አልቀረም። ቢሆንም ጣቷን ነጠላዋ ላይ ጠረገችና «የህንዱ ቁልፍ የቱ ነው?» አለች። ሃዊ ስልኩ ላይ የህንዱን ቅጽ ሞልታ አሳየቻት። ብርነሽ ራሷ ተጫነችው።

ከዚያ መንገዱን ሳትሻገር፣ እዚያው በሩ ላይ ሆና ረድፉ ሁሉ እንዲሰማት ተጣራች።

«ጽጌረዳ! ልጄ ህንድ ልትገባ ነው!»

ጽጌረዳ ይህን ቀን ስትጠብቅ የኖረች ይመስል አንገቷን በበሩ አወጣች። «ለሕክምና?»

«አዎ! ታማሚዋ ግን እኔ ነበርኩ» አለች ብርነሽ፣ ልጇን ወገቧን አቅፋ። «ይኸው ዛሬ ድኛለሁ፤ እልል በይልኝ!»

ጽጌረዳም ሳቋን መያዝ እያቃታት እልልታዋን አቀለጠችው።