ልብዎ ደህና ነው የተባሉት ቄስ

ቄስ ዘውዱ ከአንበሳሜ በላይ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ሃያ ዓመት ቀድሰዋል። ድምፃቸው ያማረ፣ ከሰው ተጋጭተው የማያውቁ ገበሬ ካህን ነበሩ። ጣሊያን ደብረ ታቦር በገባ በዓመቱ፣ አንድ የበዓል ቀን አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በቤተ ክርስቲያኑ አናት ላይ አለፈ። ቦምብ አልጣለም። ሕዝቡ ግን ወደ ገደሉ ሥር ሲሮጥ አንዲት አሮጊት ተረግጠው ሞቱ። ፍትሐታቸውን ያደረሱት ቄስ ዘውዱ ናቸው።

በሁለተኛው እሑድ ኅብስቱን ሊፈትቱ ሲሉ ልባቸው በድንገት ይደልቅ ጀመር። እጃቸው በረደ፤ ትንፋሽ አጠራቸው። አሁን ልሞት ነው፣ ቅዱስ ሥጋው ከእጄ ሊወድቅ ነው ብለው አሰቡ። አልወደቀም፤ ቅዳሴውም ተፈጸመ። ከዚያ ወዲህ ግን የሚፈሩት አውሮፕላኑን ሳይሆን ያችን ሰዓት ራሷን ሆነ። ገና ከሐሙስ ጀምሮ እህል አይወርድላቸውም።

አንዱ ቡዳ ነው አለ፤ ሌላው የተደበቀ ኃጢአት ቢኖርባቸው ነው አለ። ባለቤታቸው ውዴ ጠበል ይዛቸው ሄደች። ሁለት ሱባዔ ተጠምቀው ቀለል አላቸው። ተመልሰው ደጀ ሰላሙን ሲረግጡ ግን ያው ነገር ተነሣባቸው። አንድ እሑድ የደብሩ ሌላው ካህን ቄስ መርሻ እየቀደሱ፣ እሳቸው በረዳትነት ከቆሙበት መቅደሱን ጥለው ወጡ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያች ደብር ታይቶ አይታወቅም።

ልባቸው የታመመ መስሏቸው በጋቢ ተሸፋፍነው ደብረ ታቦር ወደ ጣሊያኑ ሐኪም ሄዱ። ሐኪሙ ደረታቸው ላይ ብረት ለጥፎ በጎማ ቧንቧ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ በአስተርጓሚ ይህ ነገር በፊት ደርሶብዎት ያውቃል ወይ፣ ከዘመድስ ያለበት አለ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ለንስሐ አባታቸው እንኳ ያልነገሩትን ለባዕድ ነገሩት። በተማሪነታቸው ቅኔ ሊነግሩ ከመምህራቸው ፊት መቆም አቅቷቸው አንድ ክረምት ታመው ተኝተው ነበር። አባታቸውም ሰው የበዛበት ገበያ መግባት አይችሉም ነበር።

"አባ፣ ልብዎ ደህና ነው ይላሉ" አለ አስተርጓሚው። "የታመመው ፍርሃትዎ ነው። ከዘር ይመጣል፤ መከራ ሲያገኘው ይነሣል። የሚሞቱ ይመስልዎታል እንጂ አይሞቱም።"

"መድኃኒቱስ?"

ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ነበር። "ከሚፈሩት ቦታ አይሽሹ፤ ቆመው ያሳልፉት ይላሉ።"

ሐኪሙ ካለበት ከጣሊያን ምሽግ ሲወጡ የሀገራቸው ሰው አያቸው። በዚያው ሳምንት ሁለት አርበኞች ተያዙ። ቄሱ ናቸው የጠቆሙ ተባለ። የቀሩት አርበኞች መጥተው ወሰዷቸው፤ ቄስ መርሻ ዋስ ሆነው አስለቀቋቸው። ሰዉ ግን ከዚያ በኋላ ከእጃቸው መስቀል መሳለም ተወ።

የሐኪሙን ቃል ሞክረዋል። አንድ እሑድ ከቅጽሩ በር ቆሙ፤ ላብ እያጠመቃቸው እስኪያልፍ ታገሡ። በሚቀጥለው ወደ ደጀ ሰላሙ ገቡ፤ ከወር በኋላ ቅኔ ማኅሌት ደረሱ። እዚያ ሳሉ የደብሩ ሽማግሌዎች ጠርተው እንግዲህ ከቅዳሴው ይረፉ አሏቸው። ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ መቅደስ አልገቡም።

በ1933 ክረምት መግቢያ ጣሊያን ከደብረ ታቦር ወጣ። መንደሩ በእልልታ ሲናወጥ ቄስ ዘውዱ ከመደቡ አልተነሡም።

"ጠላትም ሄደ" አለች ውዴ። "አሁንስ አይለቅዎትም?"

"ከጣሊያን በፊትም ነበረብኝ" አሉ።

ለምን እንዳልነገሯት ጠየቀቻቸው።

"ቅስናውን የሚከለክሉኝ መስሎኝ ነው።"

ውዴ ለእልልታው ልትወጣ ነጠላዋን አጣፍታ ነበር። ፈታ አስቀመጠችውና አጠገባቸው ተቀመጠች።