ነፍሰ ጡር ናትና ትውጣ

ልብስ ተኳሿ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ትወድቃለች፤ የሚጥል በሽታ ነው። አንድ ቀን በምትሠራበት ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ካውያ እንደያዘች ወድቃ የግራ ክንዷን አቃጥላለች። የድሮው ኪኒን ሲያሻው ይይዛታል፣ ሲያሻው ይለቃታል። ሆስፒታሉ የሚያካሂደው የአዲስ መድኃኒት ጥናት ውስጥ ከገባች ወዲህ ግን ስምንት ወር ሙሉ አንዴም አልወደቀች።

ጥናቱ ሕግ አለው፤ በየወሩ ሽንት ይመረመራል፣ ያረገዘች ትወጣለች። እሷም አረገዘች። መከላከያው ከዳት ወይ ረሳችው፤ ያ የእሷና የባሏ ጉዳይ ነው። ለባሏ ሳትነግር ለአማቷ ነገረች።

"ታዲያ ምን ቸገረሽ? የኔን ይዘሽ ሂጂ" አሏት።

"ሽንትዎን፣ እማማ?"

"አዎ ሽንቴን። በዚህ ዕድሜዬ አርግዘሻል የሚለኝ ካለ እናያለን።"

በሽሮፕ ጠርሙስ ሞሉላት። እንዳይቀዘቅዝ ብብቷ ሥር ይዛው ሄደች።

የጥናቱ ነርስ የመመርመሪያውን ወረቀት ሽንቱ ውስጥ ነከረች፣ አየች፣ ደግማ ነከረች። እርግዝና የለም። ስኳር ግን አለ፤ ያውም ሞልቶ። ጣቷን ወግታ ደሟን ብታየው ስኳር የሚባል ነገር የለም። የዋዛ አይደለችም፤ "በይ አሁን የራስሽን ስጪኝ፣ እህቴ" አለቻት ቀስ ብላ።

እርግዝናው ታወቀ። ከሰዓት በኋላ ተኳሿ የጥናቱ ዶክተር ፊት ተቀመጠች።

"ከጥናቱ የምናስወጣሽ ለልጅሽ ብለን ነው" አላት።

"ልጁ ጎረቤት ነው እንዴ ያለው? እኔ ስወድቅ አብሮኝ ነው የሚወድቀው።"

"መድኃኒቱ ጽንስ ላይ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።"

"ለምን አይታወቅም?"

"ነፍሰ ጡር ላይ አልተጠናም።"

"ለምን አልተጠናም?"

"ምን እንደሚያደርግ ስለማይታወቅ።"

ሲናገር ራሱን የሰማ አይመስልም። እሷ ግን ሰማችው።

"የድሮው ኪኒንስ ተጠንቷል?"

"እሱ የቆየ ነው። ብዙ ሴቶች ወልደውበታል።"

"ምን ወለዱ?"

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። "ችግር ይዘው የተወለዱ አሉ። መጠኑን ዝቅ አድርገን እንሰጥሻለን።"

"እንግዲያው እኔ ላይ አጥኑ። አስረዱኝና ልፈርም። በየሳምንቱ ነዪ ካላችሁኝ እመጣለሁ።"

"ሕጉ የኔ አይደለም፣ እህቴ።"

የማን እንደሆነ አልነገራትም። የሚከለክል ሕግ መቼም ባለቤት የለውም። ጥናቱ ነፍሰ ጡርን ቢቀበል ኖሮ ጽንሱን በየጊዜው የሚያይ ሐኪም፣ ክፉ ነገር ሲመጣ "አቁሙ" የሚል ኮሚቴ ይኖራት ነበር። ጠበቅንሽ ብለው ደጅ ጣሏት። የጠበቁት የራሳቸውን እጅ ነው፣ ደም እንዳይነካው። የተረፏትን ኪኒኖች እንኳ ከቦርሳዋ ተቀበሏት።

ዝቅ የተደረገው ኪኒን አልያዛትም። በአምስተኛው ወር ቤቷ ውስጥ ሁለቴ ወደቀች፤ አማቷ ደርሰው ከራሷ ሥር ትራስ አስገቡላት። በስድስተኛው ወር ሥራ ላይ ወደቀች። የመተኮሻው ጠረጴዛ ጠርዝ ሆዷን አገኘው። ልጁ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር።

በአራተኛው ቀን ያቺው ነርስ ማኅደሯን ይዛ ወደ ተኛችበት ክፍል መጣች። "ጠይቄልሻለሁ፤ አሁን ወደ ጥናቱ መመለስ ትችያለሽ" አለች። ክፋት የላትም።

ተኳሿ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አማቷ ናቸው የተናገሩት።

"ልጁ የቱ ጋ ተጻፈ?"

ነርሷ ወረቀቶቹን ገለጠች። "ከወጣች በኋላ ያለው አይመዘገብም፣ እማማ። ቦታ የለውም።"

"ሆዷ ውስጥ ቦታ ነበረው።"

ተኳሿ ዞረች። "የወረቀቱ ጀርባ ባዶ ነው፣ ሲስተር። ገልብጪና ጻፊ።"

ነርሷ በሩን አየች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጻፈች።

"አንብቢልን" አሉ አማቷ።

"መድኃኒቱ ከተቋረጠ ከአራት ወር በኋላ ወደቀች። ጽንሱ ሞተ።"

"ማን እንዳቋረጠውም ጨምሪበት" አለች ተኳሿ።

"እሱን አልችልም።" ነርሷ ብዕሯን ኪሷ ውስጥ ከተተች፤ ግን አልተነሳችም። "ትመለሻለሽ ወይስ አትመለሺም? መልስ ይጠብቃሉ።"

"እመለሳለሁ" አለች። "ሌላ ምን ተዋችሁልኝ?"