ተራህን ጠብቅ የተባለው ሆስፒታል

አሌክሳንድሪያ ያለው ቢሮ ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮ ተነስቼ፣ መሃል ላይ ባቡር ቀይሬ፣ ማርፈድ ፈርቼ በጣም ቀድሜ ደረስኩ። ጥበቃው ገና በሩን አልከፈተም ነበር። እስከ ቀደመው ዓርብ ድረስ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ላይ ካሸር ነበርኩ። የካርታ ሥራ ትምህርቴን የጨረስኩት በዚያ ሺፍት መሃል ነው።

እንዲያሠለጥኑኝ የተመደቡት ጋሽ ሙሉጌታ የክፍሉ ሲኒየር ስፔሻሊስት ነበሩ። በወጣትነታቸው አገር ቤት የበረራ ተቆጣጣሪ ሆነው ሠርተዋል፤ እኔ ስቀጠር ከነቤተሰባቸው ከቢሮው ብዙ በማትርቀው በርክ ይኖሩ ነበር። እኔ ረዳት ተብዬ ነው የተቀጠርኩት። ወንበሬ ላይ ገና እንደተቀመጥኩ ከላይ የተነሳ የአንድ ሆስፒታል ፎቶ ስክሪኑ ላይ ከፈቱ።

"ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ያለችው ካሬ ኮንክሪት ትታይሻለች?"

"አዎ ጋሼ።"

"ሄሊፖርት፣ የሄሊኮፕተር ማረፊያ ማለት እሷ ናት። የኛ ሥራ ከሷ በላይ ያለው አየር ነው።"

ቀጥለው አስረዱኝ። ሰማዩ ጥርት ሲል ፓይለቱ መሬቱን እያየ ይወርዳል። ደመና ሲሆን ግን በሳተላይት እየተመራ ነው የሚወርደው፤ ከመስታወቱ ውጭ ምንም አይታየውም። በዚያው ሰዓት አንድ ሰው ትንሽ አውሮፕላኑን በዓይኑ እየነዳ ደመናውን ታክኮ ቢመጣ ሁለቱም ሳይተያዩ ይጋጫሉ። ስለዚህ በሄሊፖርቱ ዙሪያ ካርታ ላይ ክብ እንሠራለን። ክቡ ውስጥ፣ ከሰባት መቶ ጫማ በላይ፣ አየሩ ቁጥጥር ያለበት ይሆናል፤ በዓይኑ የሚበር ሁሉ ከደመና የመራቅ ግዴታ አለበት።

ድርጅታችን የግል ነው፤ ለመንግሥት የሚሠራው በኮንትራት ነው። ከከተማ የራቁ ሄሊፖርቶችን ስንይዝ መጀመሪያ ቦታው ድረስ ሄደን ተራራውን፣ ማማውን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውን፣ ረጃጅሙን ዛፍ ሁሉ እንለካለን። ከዚያ የመውረጃው መስመር ይነደፋል። መስመሩን የፍተሻ ሄሊኮፕተር ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን በርራ ታረጋግጣለች። ክቡ ለሕዝብ አስተያየት ይቀርባል፤ ሲጸድቅ ካርታ ላይ ይወጣል። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ በደመና መውረድ ክልክል ነው።

ስፔሻሊስት ሆኜ ራሴን ችዬ የያዝኩት ትልቁ ሥራ ዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች መሃል ያለ የአንድ ትንሽ ሆስፒታል ሄሊፖርት ነበር። ሸለቆው ጠባብ ነው። ደመና ከገባ ቶሎ አይወጣም።

የድንገተኛ ክፍሉ ዋና ነርስ ዶና ትባላለች። መለኪያዬን ስተክል ከጎኔ ቆማ ታየኝ ነበር። "ይሄ ነገር የምር ሊሆን ነው ወይስ እንደ በፊቶቹ ለክታችሁ ትሄዳላችሁ?" አለችኝ።

"የምር ነው" አልኳት።

ያኔ ነገረችኝ። ባለፈው ክረምት አንዲት ነፍሰ ጡር ደም እየፈሰሳት መጣች። ሐኪማቸው ቶሎ ወደ ትልቁ ሆስፒታል መሄድ አለባት አለ። ሄሊኮፕተር ተጠራ፤ መጣም። "ከሸንተረሩ ወዲያ ድምፁ ይሰማናል" አለች ዶና። "ደመናው ጣሪያችን ላይ ተኝቷል። መውረጃ አጥቶ ተመለሰ። በአምቡላንስ ጫንናት። መንገዱን መጥተሽበታል፣ አይተሽዋል።"

"እንዴት ሆነች?"

"እሷ ተርፋለች።"

ስለ ልጁ አልጠየቅኋትም። መልሱ ፊቷ ላይ ነበር።

ያንን ሥራ እንደ ራሴ ቤት ጉዳይ ይዤ ጨረስኩት። የፍተሻዋ ሄሊኮፕተር ቀን ተያዘልን፤ በረዶ ሳይጀምር የቀረችው የመጨረሻ ቀን እሷ ነበረች። የቀረን መጠበቅ ብቻ ነው ስል የፕሮግራም ማናጀራችን ብራያን የሰኞ ሚቲንግ ላይ እንደ ተራ ነገር ጣል አደረጋት።

"የፍተሻውን ቀን ለሎጁ ሰጥቼዋለሁ።"

ሎጁ ጎልፍና አደን ለሚወዱ እንግዶች የተሠራ፣ ተራራ ላይ ያለ ማረፊያ ነው። ጥያቄው የደረሰን ከሆስፒታሉ ብዙ ቆይቶ ነው።

"የሆስፒታሉ አልቋል" አልኩት። "የሎጁ ልኬት እንኳ አልተጀመረም።"

"አንቺ ትጀምሪዋለሻ።"

"ምክንያቱ ምንድን ነው?"

"ፕራዮሪቲው ተቀይሯል። እንግዶቻቸው ለአደኑ ወቅት መድረስ አለባቸው። ባለቤቶቹ ደግሞ ለኮንትራታችን የሚጠቅሙ ሰዎች ያውቃሉ።"

"ይቺ ቀን ካለፈች በረዶ ነው። ሆስፒታሉ ወደ ፀደይ ይገፋል።"

"ሆስፒታሉ እስከ ዛሬ ያለሱ ኖሯል" አለ ብራያን፣ እና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

ዓመታት አልፈውም ያቺን ቃል ሳስባት ደሜ ይፈላል። እስከ ዛሬ ያለሱ ኖሯል። ማን ነው የኖረው? ዶናን ቢጠይቃት ማን እንዳልኖረ ትነግረው ነበር። ጠረጴዛው ዙሪያ የነበርነው ሁሉ ነገሩን እናውቃለን። ሁሉም አንገቱን ደፋ። ጋሽ ሙሉጌታም ደፉ።

የሻይ ክፍሉ ውስጥ ተከትያቸው ገባሁ። "ጋሼ፣ እርስዎ እያወቁ ዝም አሉ።"

"ምን ልበል ልጄ?"

"ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ለኔ ያሉኝን ለሱ አይነግሩትም?"

ኩባያቸውን አስቀመጡ። "ብራያን ሥራ አጥቶ አያውቅም" አሉ። "እኔ አጥቼ አውቃለሁ።" አክብሮቴ አፌን ያዘው እንጂ በሳቸውም ተናድጄ ነበር።

ከብራያን በላይ ወዳለችው ዳይሬክተር ወጣሁ። በጥሞና አዳመጠችኝ። የዶናን ታሪክ ስነግራት "በጣም ያሳዝናል" አለች። ከዚያ "የቅደም ተከተሉን ነገር ለብራያን ነው የምተወው" ብላ በሩን አሳየችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ በለሰለሰ አነጋገር ስትሸኝ ሰው የሚይዘው ነገር የለውም።

ማታ እራት ላይ ሳወራ ሴት ልጄ ከስልኳ ቀና ብላ "ጀስት ክዊት፣ ማሚ" አለችኝ።

"ብለቅ ሎጁን ማን በደንብ ይሠራዋል?" አልኳት። "ፓይለቱ ምን አደረገ?"

ሄጄ ሠራሁት። እያንዳንዷን ሽቦ ለካሁ። በንዴት የተሠራ መስመር ሰው ይገድላል፤ ተራራው ማን ላይ እንደተናደድኩ አያውቅም።

የሎጁ ሥራ አስኪያጅ ትሁት ሰው ነው። ያዘጋጀልንን ምሳ ከበላን በኋላ ካርታው ላይ ጎንበስ አለ።

"ክቡን ወደዚህ በኩል ማስፋት ይቻላል?"

"ለምን?"

"ከዛፎቹ ወዲያ ትንሽ አውሮፕላን ያለው ገበሬ አለ። እሑድ ጧት ይነሳል። እንግዶቻችን በድምፁ ይረበሻሉ።"

መጀመሪያ በትክክል የሰማሁት አልመሰለኝም። "ይሄ አጥር አይደለም" አልኩት። "ገበሬው ከደመና እስከራቀ ድረስ ክቡ ውስጥም መብረር ይችላል። ክቡን ለሄሊኮፕተሩ ከሚያስፈልገው በላይ አላሰፋም።"

"ብራያን ይቻላል ብሎኛል።"

ቢሮ ሳልመለስ ብራያን ኮል አደረገኝ። "ትንሽ አስፊላቸው" አለ። "ምን ይጎዳል?"

መኪና ውስጥ ነበርኩ። ዳር ይዤ አቆምኩ። "እሺ ብራያን" አልኩት። "ለምን እንደሰፋ ምክንያቱን ጽፈህ ፈርመህ ላክልኝ። ሰፊውን ክብ ከነፊርማህ አያይዤ አስገባዋለሁ።"

 

"ይቅር እንግዲህ" አለ። "እንዳለ ይሁን።"

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ዳይሬክተሯ ዘንድ ወጥቼ፣ ለምኜ፣ ተከራክሬ ያላገኘሁትን አንድ የፊርማ ጥያቄ አስገኘልኝ። ለምን ሰኞ ዕለት አላልኩትም ብዬ ስበሳጭ ሲልቨር ስፕሪንግ ደረስኩ። በማግስቱ ስለ ሆስፒታሉም ያንኑ ጠየቅኩት። የፍተሻዋ ቀን ግን በሎጁ ስም ተቆርጣ ሄዳለች። በረዶው ጀመረ።

በዚያ ክረምት ዶና ሄሊኮፕተር ጠርታ ያልወረደላት ጊዜ ነበር። ኢሜይል ትጽፍልኛለች፣ ወቀሳ የለበትም፤ መቼ ነው ብቻ ትለኛለች። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሰማዩ ሲጠራ። እውነት ነው፣ ግን ሙሉው እውነት አልነበረም፤ እሷም ይህን ጠርጥራለች መሰለኝ።

በረዶው ሲቀልጥ ፍተሻው ተደረገ። አስተያየት ወጣ፤ የተቃወመ የለም። ካርታው ታተመ። ብዙም ሳይቆይ ዶና ደወለችልኝ።

"ዛሬ ጧት በደመና ወረደ" አለች። "ግንድ ደረቱ ላይ የወደቀበት ሰው ነበረን። ወሰዱት። ይተርፋል ብለውናል።"

በጣም ደስ አለኝ። "ከእንግዲህ እናቶቹም" ስል አቋረጠችኝ።

"የማዋለጃው ክፍል ተዘግቷል። ሐኪሙ ለቀቀ። የሚተካው አላገኙም።"

"ለምን ለቀቀ?"

"አንድ ክረምት እንደዚያ አሳልፌያለሁ፣ ሁለተኛ አልችልም ብሎ በረዶው ሲጀምር ሄደ። እናቶቹ አሁን መውለጃቸው ሲቃረብ ተራራውን በመኪና እየተሻገሩ ይሄዳሉ።"

ሐኪሙ ክቡ በወቅቱ ቢወጣ ኖሮ ይቆይ ነበር ወይ? አላውቅም። ብራያንም አያውቅም፤ ለማወቅም አልጠየቀም። ሎጁ በዚያ ወቅት በደመና ያስወረደው እንግዳ አልነበረም። አዳኝ በደመና አያድንም።

ከዚያ በኋላ በሆነ ሰኞ፣ የባሕር ወሽመጥ ደሴት ላይ ላለ ክሊኒክ የተያዘችውን የፍተሻ ቀን ብራያን ለአንድ የኩባንያ መሥሪያ ቤት ሊያዞራት ፈለገ።

"ምክንያቱን ጽፈህ ፈርምልኝ" አልኩት፣ ሁሉም እየሰማ።

ሊስቅ ሞከረ። ያኔ ጋሽ ሙሉጌታ ከጠረጴዛው ጫፍ ቀና አሉ። ጡረታቸው ተቃርቦ ነበር። "ለኔም ኮፒ ይድረሰኝ" አሉ፣ በተረጋጋ ድምፅ።

ብራያን አልጻፈም። ክሊኒኩ ቀኑን አልተነጠቀም፤ ሰማዩም ጥርት ያለ ዋለ።

ዛሬ ጋሽ ሙሉጌታ የነበሩበት ወንበር ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። አዲስ ለሚገባ ሰው ሄሊፖርቱን፣ ክቡን፣ ሰባት መቶ ጫማውን ካሳየሁ በኋላ የምነግረው አንድ ነገር አለ። ተራ የሚቀይር ሰው ምክንያቱን ጽፎ ይፈርም። ካልፈረመ ተራው አይቀየርም። ይህንንም ጠይቁ የምለው የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው፤ በሁለተኛው ቀን በረዶ ሊወርድ ይችላል።